አሰልጣኙ እየተሸነፈ ለምን አይቀይርም?

ቢልባኦ፣ ሳን ማሜስ ስታዲየም፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 21 ቀን 2025። የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ነው። ቶተንሃም ማንችስተር ዩናይትድን 1 ለ 0 እየመራ 78ኛው ደቂቃ ላይ ደርሷል። የቶተንሃሙ አሰልጣኝ አንጅ ፖስቴኮግሉ ብቸኛዋን ጎል ያገባውን አጥቂ ብሬናን ጆንሰንን አስወጥቶ ኬቪን ዳንሶን አስገባ። ዳንሶ የመሀል ተከላካይ ነው።

ሌላ አሰልጣኝ ቢያደርገው ማንም ልብ አይለውም። ፖስቴኮግሉ ግን እንዲህ የሚያደርግ ሰው አልነበረም። በኖቬምበር 2023 ቡድኑ ከቼልሲ ጋር ሲጫወት ሁለት ተጫዋቾች በቀይ ካርድ ወጡበትና በ9 ሰው ቀረ። ውጤቱ 1 ለ 1 ነበር። አሁንማ ግባቸው ላይ ይከመራሉ ብለን ስንጠብቅ የቶተንሃም ተከላካዮች ሄደው የሜዳው አጋማሽ መስመር ላይ ተሰለፉ። በረኛው ቪካሪዮ ከሳጥኑ እየወጣ ከኋላቸው የሚጣለውን ኳስ ሲያጸዳ አመሸ። 75ኛው ደቂቃ ላይ የቼልሲው ኒኮላስ ጃክሰን አገባ። በጭማሪው ሰዓት ሁለት ደገመና 4 ለ 1 አለቀ። ከጨዋታው በኋላ ሲጠየቅ ፖስቴኮግሉ ማንነታችን ይሄ ነው፣ አምስት ሰው ብንቀር እንኳ እናጠቃለን የሚል መልስ ሰጠ።

ያው ሰውዬ ነው ቢልባኦ ላይ ዘግቶ የተጫወተው። ቡድኑ ኳስ የያዘው ከ30 በመቶ በታች ነበር። ተከላካዩ ቫን ደ ቬን የዩናይትዱን አጥቂ የሆይሉንድን ኳስ ከግብ መስመር ላይ አየር ላይ ተዘርግቶ አወጣ። ቶተንሃም ከ2008 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሳ። ከ16 ቀን በኋላ ክለቡ አሰናበተው፤ በሊጉ 22 ጊዜ ተሸንፎ 17ኛ ሆኖ ጨርሶ ነበርና።

በሌላኛው ወንበር የነበረው ደግሞ ሩበን አሞሪም ነው። እሱ ከስፖርቲንግ ሊዝበን ይዞት የመጣውን 3-4-3 አልለቀቀም። ዩናይትድ በሊጉ 15ኛ ሆነ። በሴፕቴምበር 2025 ይህን አሰላለፍ ትቀይራለህ ወይ ሲባል ጳጳሱም ቢመጡ አያስቀይሩኝም አለ።

ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ በየሳምንቱ የምንከራከረው ስለዚህ ነው። አንዱ "ግትር ነው" ይላል፣ ሌላው "አቋም ያለው ሰው ነው" ይላል። ብዙ ጊዜ የምንመርጠውን ቃል የሚወስነው ውጤቱ ነው። ስለዚህ ውጤቱን ለጊዜው እንተወውና ነገሩ ራሱ ምን እንደሆነ እንየው።

ፍልስፍና፣ ታክቲክ፣ አሰላለፍ፦ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

እነዚህ ሦስት ቃላት ስለሚቀላቀሉ ክርክሩ መቋጫ የለውም። ለእኔ የሚያስረዳኝ ክራር ነው።

ክራር ተጫዋች ዘፈኑን ከመጀመሩ በፊት ክራሩን ይቃኛል። ትዝታ ሊሆን ይችላል፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ። በአንድ ቅኝት ብዙ ዘፈን መጫወት ይቻላል፤ ፈጣኑንም ዝግተኛውንም። ከትዝታ ወደ አንቺ ሆዬ ለመሄድ ግን ቆም ብሎ እንደገና መቃኘት ያስፈልጋል።

የአሰልጣኝ ፍልስፍና ቅኝቱ ነው። ኳሱ የኛ ይሁን ወይስ የእነሱ? ኳስ ስንነጠቅ እዚያው እንሻማ ወይስ ወደ ግባችን እንሰብሰብ? ከበረኛ ጀምረን መስርተን እንጫወት ወይስ በረጅሙ እንምታ? ታክቲክ ደግሞ ዛሬ ለዚህ ተጋጣሚ የተመረጠው ዘፈን ነው። ለምሳሌ የግራ መስመራቸው ደካማ ስለሆነ ኳሱን በዚያ በኩል እናብዛ ማለት። አሰላለፍ፣ ማለትም 4-3-3 ወይም 3-4-3 የምንለው ቁጥር፣ ተጫዋቾቹ ሲጀምሩ የሚቆሙበት ቦታ ነው። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ቁጥሩ ራሱ በየደቂቃው ይለዋወጣል።

አሞሪም ላይ የነበረው ጭቅጭቅ አብዛኛው ስለ አሰላለፍ ነበር። ፖስቴኮግሉ ላይ የነበረው ስለ ቅኝቱ ነው። ሁለቱም "ግትር" ቢባሉም የሙጥኝ ያሉት ነገር ይለያያል።

እየተሸነፈ ለምን አይቀይርም?

ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል። አንድ ተከላካይ ቀንስ፣ አንድ አማካይ ጨምር፣ አለቀ። ሜዳ ላይ ምን እንደሚሆን ግን በቅርብ እንየው።

የተጋጣሚው የመስመር አጥቂ ጥግ ላይ ኳስ ያዘ እንበል። በሦስት የመሀል ተከላካይ በሚጫወት ቡድን ወደ እሱ የሚወጣው ከመስመር እስከ መስመር የሚሮጠው ተጫዋች ነው። ከኋላው ሦስት ሰው ስላለ ሳይፈራ ይወጣል። በአራት ተከላካይ ሲሆን የሚወጣው የመስመር ተከላካዩ ነው። እሱ ሲወጣ ከኋላው ክፍተት ይከፈታል። ያንን ክፍተት ወይ የመሀል ተከላካዩ ይሸፍነዋል፣ ወይ አማካዩ ወርዶ ይደፍነዋል፣ ወይ ከፊቱ ያለው የመስመር አጥቂ ተመልሶ ያግዘዋል። ማን እንደሚሄድ ተነጋግሮ መወሰኛ ጊዜ የለም። ሰውነት ራሱ ማወቅ አለበት። ያላወቀ ዕለት ሁለት ተጫዋቾች "አንተ ነህ፣ እኔ ነኝ?" በሚል ይተያያሉ። ጎሉ የሚገባው በዚያች ሰከንድ ነው።

ይህ ልምምድ ነው። በሳምንት ሁለቴ የሚጫወት ቡድን ደግሞ የሚለማመድበት ጊዜ የለውም። ከጨዋታ ማግስት ማገገም ነው፣ ከዚያ ጉዞ፣ ከዚያ ደግሞ ጨዋታ። አሞሪም ዩናይትድን የያዘው በኖቬምበር 2024 ነው። ውድድሩ ተጧጡፎ፣ ቡድኑ የሌላ አሰልጣኝ ሆኖ። አዲስ ዘዴ ለማስተማር ከዚያ የባሰ ጊዜ ማግኘት ያስቸግራል። ግን ያው ምክንያት ወደ ኋላም ይሠራል፤ በመከራ ያስተማሩትን ትቶ ሌላ መጀመርም ጊዜ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ምክንያት ተሰሚነት ነው። አሞሪም ራሱ አንድ ጊዜ አስረድቶታል። ጋዜጠኛው በየሳምንቱ ቀይር ቀይር እያለ እኔ ብቀይር ተጫዋቾቼ የቀየርኩት በእነሱ ግፊት ነው ይላሉ፣ ያን ጊዜ አሰልጣኝነቴ አበቃ የሚል ነበር ሐሳቡ። መልበሻ ክፍል ውስጥ ይህ እውነት ነው። ተጫዋች አሰልጣኙ ራሱ ያላመነበትን ነገር ሮጦ አይሠራም።

ሦስተኛው ገበያው ነው። ለአንድ ዘዴ የተገዛ ተጫዋች ለሌላው ላይሆን ይችላል። ዩናይትድ ፓትሪክ ዶርጉን የገዛው ለዚያ መስመሩን ሙሉ ለሚሮጠው ሰው ቦታ ነው። ኩኛንና ምቤሞን ሲገዛም ከአጥቂው ጀርባ ለሚጫወቱት ሁለት ሰዎች ቦታ አስቦ ነው። በአንጻሩ ኮቢ ማይኑ በሁለት አማካይ ብቻ በሚሠራው መሀል ሜዳ ቦታ አጣ። አሰላለፍ ተቀየረ ማለት የማን ገንዘብ ባከነ፣ ማን ወንበር ላይ ተቀመጠ የሚለው አብሮ ተቀየረ ማለት ነው።

ያም ሆኖ ዩናይትድ በጃንዋሪ 2026 አሞሪምን አሰናበተው። ከላይ ያሉት ምክንያቶች እውነት ናቸው። ደጋፊው ግን ሠንጠረዡን ነው የሚያየው፤ አልፈርድበትም።

ታዲያ ኮንቴ እንዴት ቻለ?

በሴፕቴምበር 2016 የአንቶኒዮ ኮንቴ ቼልሲ ኤምሬትስ ላይ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በአርሰናል 3 ለ 0 ተመራ። ኮንቴ በሁለተኛው አጋማሽ ፋብሪጋስን አስወጥቶ ማርኮስ አሎንሶን አስገባና ወደ ሦስት ተከላካይ ዞረ። ያን ቀን ውጤቱ አልተለወጠም። ከሚቀጥለው የሊግ ጨዋታ ጀምሮ ግን ቼልሲ 13 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። በ93 ነጥብም ሻምፒዮን ሆነ። በየክለቡ በውሰት ሲዞር የከረመው ቪክተር ሞዘስ የቀኝ መስመሩ ጌታ ሆነ።

ይህ ታሪክ ሁሌ "መቀየር ያዋጣል" ለማለት ይጠቀሳል። እኔ ግን አንድ ነገር ይዘነጋል እላለሁ። ኮንቴ የዞረው ወደ ማያውቀው ነገር አልነበረም። ጁቬንቱስንም የጣሊያን ብሔራዊ ቡድንንም በሦስት ተከላካይ ያሰለጠነ ሰው ነው። ዘዴውን በእንቅልፍ ልቡ ያስተምረዋል። በዚያ ላይ ቼልሲ ያን ዓመት የአውሮፓ ውድድር አልነበረውም። ሙሉውን ሳምንት ልምምድ ሜዳ ላይ ነው የሚያሳልፈው። አሰላለፉን ቀየረ፣ ቅኝቱ ግን ከመጀመሪያውም የራሱ ነበር።

አለመቀየር የሚያሸንፍበት ጊዜስ የለም?

አለ፣ በደንብ አለ። ከ2024-25 የስፔን ውድድር የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

በአንድ ወገን የያኔው የሪያል ማድሪድ አሰልጣኝ ካርሎ አንቸሎቲ አለ፤ እንደ ተጫዋቾቹ የሚቀርጽ፣ ከማንም ጋር የሚግባባ። በሌላ ወገን የባርሴሎናው ሃንሲ ፍሊክ። የፍሊክ ተከላካዮች ወደ አጋማሹ መስመር ተጠግተው ነው የሚቆሙት፣ ተጋጣሚው ማንም ይሁን ማን። ከኋላቸው ሰፊ ሜዳ አለ። እንደ ምባፔና ቪኒሲየስ ላለ ፈጣን ሰው ይህ ግብዣ ይመስላል።

በኦክቶበር 2024 በማድሪድ ሜዳ በርናቤው ላይ ሲገናኙ ማድሪዶች 12 ጊዜ ከጨዋታ ውጪ ተያዙ፤ ማለትም ኳሱ ሲጣልላቸው ተከላካዮቹን አልፈው ቆመው ተገኙ። 8ቱ የምባፔ ናቸው። ባርሴሎና 4 ለ 0 አሸነፈ። በዚያ የውድድር ዓመት አራቴ ተገናኝተው አራቱንም ባርሴሎና ነው ያሸነፈው።

እንዴት ሠራ? ከፍ ብሎ መሰለፍ ብቻውን ራስን ማጥፋት ነው። የሚሠራው ሁለት ነገር አብሮ ሲሄድ ነው። አራቱ ተከላካዮች እንደ አንድ ሰው ወደ ፊት መራመድ አለባቸው። አንዱ ግማሽ እርምጃ ከዘገየ የሁሉም ድካም ገደል ገባ። ከፊት ያሉት አጥቂዎች ደግሞ ኳስ የያዘውን ሰው ቀና ብሎ የሚያይበት ጊዜ ሊሰጡት አይገባም። ቀና ብሎ ካየ ያቺን ኳስ ይጥላታል። ስለዚህ "ትንሽ ወደ ኋላ ቢሉ ምን አለበት?" የሚለው ምክር እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ተከላካዩ ወደ ኋላ ካለ በእሱና በአማካዩ መሀል ሜዳ ይከፈታል። አማካዩ አብሮ ከወረደ አጥቂው ብቻውን ይሻማል። አንዱን ክር ስትስብ ጥበቡ በሙሉ ይተረተራል።

ዋጋውም ከባድ ነው። በሜይ 2025 የሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ መልስ ጨዋታ ሚላን ከተማ ላይ ራፊኛ በ87ኛው ደቂቃ አግብቶ ባርሴሎና ኢንተርን 3 ለ 2 መራ። ፍጻሜው የደቂቃዎች ጉዳይ ሆነ። ባርሴሎና ግን ጨዋታውን ማብረድ አልቻለም። በጭማሪው ሰዓት የ37 ዓመቱ ተከላካይ አቼርቢ አጥቂ ሆኖ መጥቶ አቻ አደረገ። በተራዘመው ሰዓት ኢንተር 4 ለ 3 አሸነፈ፣ በድምሩ 7 ለ 6። ባርሴሎናን ሦስት የአገር ውስጥ ዋንጫ ያበላው ልማድ ያን ምሽት ማቆሚያ አልነበረውም።

አንቸሎቲ ሁሌም እንዲህ ነበር?

አልነበረም፤ የዚህ ጉዳይ ደስ የሚለው ክፍልም ይሄ ነው።

ወጣቱ አንቸሎቲ የአሪጎ ሳኪ ተማሪ ነው። በሳኪ ሚላን ተጫውቷል፣ በ1994ቱ የዓለም ዋንጫም የሳኪ ረዳት ነበር። ፓርማን ሲይዝ 4-4-2 ለእሱ እንደ ዶግማ ነበረች። ጂያንፍራንኮ ዞላን ወደ ግራ መስመር ገፋው፤ ዞላ ወደ ቼልሲ ሄደ። በ1997 ሮቤርቶ ባጂዮ ወደ ፓርማ ለመምጣት ተቃርቦ ነበር። ባጂዮ ከአጥቂው ጀርባ በነጻነት መጫወት ነው የሚፈልገው። አንቸሎቲ በኔ አሰላለፍ እንዲህ ያለ ቦታ የለም አለ። ባጂዮ ቦሎኛ ገብቶ በዚያ ዓመት በሊጉ 22 ጎል አገባ። አንቸሎቲ በኋላ ተሳስቻለሁ ብሏል።

ከዚያ በጁቬንቱስ ዚዳንን አገኘ። ዚዳንን መስመር ላይ ማን ያስቀምጣል? አሰላለፉን ለዚዳን ብሎ ቀየረ። ሚላን ላይ ፒርሎን ከተከላካዮቹ ፊት አውርዶ የቡድኑ አእምሮ አደረገው። በ2023 ቤንዜማ ከማድሪድ ሲሄድ የመሀል አጥቂ አልተገዛለትም። አልተነጫነጨም። ቤሊንግሃምን ከቪኒሲየስና ከሮድሪጎ ጀርባ አስገብቶ የላሊጋንም የሻምፒዮንስ ሊግንም ዋንጫ ወሰደ። በአሰልጣኝነት አምስተኛው የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫው ነው።

ግን ይህም ክፍያ አለው። ሁሉን እንደ ሰዉ የሚያደርግ ቡድን ሰዉ ሲጎድል የሚይዘው ነገር ያጣል። አማካዩ ክሮስ ጫማ ሰቀለ፣ ምባፔ መጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት ማድሪድ ኳስ ሲነጠቅ ማን እንደሚሻማ ግራ የገባው ይመስል ነበር። አርሰናል በሻምፒዮንስ ሊጉ ሩብ ፍጻሜ በድምሩ 5 ለ 1 አሰናበተው።

ጓርዲዮላስ ከየትኛው ወገን ነው?

ብዙ ሰው የግትሮች አለቃ አድርጎ ይጠቅሰዋል። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ማንችስተር ሲቲ እንደገባ በእግሩ ኳስ መጀመር የሚችል በረኛ ፈልጎ ጆ ሃርትን አስወጣ። ይህ ቅኝቱን መጠበቅ ነው። በውስጡ ግን ሳያቋርጥ ይቀያይራል። ባርሴሎና ሳለ ሜሲን ከመስመር ወደ መሀል አምጥቶ ማድሪድን 6 ለ 2 የቀጣው እሱ ነው፣ በ2009። ባየርን ላይ ተከላካዩን ላምን አማካይ አደረገ። ሲቲ ሦስት ዋንጫ ባነሳበት ዓመት ስቶንስን ከመሀል ተከላካይነት ወደ መሀል ሜዳ ገፋው።

በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ በአርሰናል ሜዳ ኤምሬትስ ላይ ሆላንድ ገና በ9ኛው ደቂቃ አግብቶለት ቡድኑን ግቡ ላይ ሰበሰበ። ሲቲ ኳስ የያዘው ከ33 በመቶ በታች ነው። ጓርዲዮላ እስከዚያ ቀን ባሰለጠነባቸው የሊግ ጨዋታዎች ሁሉ ዝቅተኛው ይሄ ነበር። ማርቲኔሊ በ93ኛው ደቂቃ አቻ አደረገበት። ስለ ኳስ ቁጥጥር ዓለምን ያስተማረ ሰው አንድ ነጥብ ይዞ ለመውጣት ኳሱን ለአርሰናል ሲተው ማየት ይገርማል።

ዘዴው ነው ወይስ ተጫዋቹ?

ቪንሰንት ኮምፓኒ በርንሌይን በ101 ነጥብ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አሳደገ። እዚያም ከበረኛ መስርቶ ለመጫወት ሞከረ፣ በ24 ነጥብ ወረደ። አላበጀም ተባለ። ባየርን ሙኒክ ግን ያንኑ ሰው ቀጠረው። በመጀመሪያ ዓመቱ የቡንደስሊጋን ዋንጫ አነሳ። የሰውዬው እምነት በአንድ ክረምት አልተለወጠም። የተለወጠው ኳሱን የሚቀበለው እግር ነው። የባየርኑ ኪሚሽ በጠባብ ቦታ ተከቦ ኳስ ሲቀበል አይደነግጥም። ከታችኛው ሊግ የመጣ ተጫዋች የፕሪሚየር ሊግ አጥቂ ሲመጣበት ይደነግጣል።

እኛም ቤት ይህንን ክርክር እናውቀዋለን። ካሳዬ አራጌ ኢትዮጵያ ቡናን ሲያሰለጥን ኳስ ከግብ ጠባቂ ተመስርቶ፣ በአጭር ቅብብል እንዲወጣ ይፈልግ ነበር። ከኋላ ኳስ ሲነጠቅ ግማሹ ደጋፊ ራሱን ይይዛል፣ ሲያምር ደግሞ ስታዲየሙ ይዘምራል። አቡበከር ናስር በእኛ አቆጣጠር በ2013 የውድድር ዓመት 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን የሰበረው በዚያ ቡድን ውስጥ ነው። ያ ቡድን ሁለተኛ ሆኖ ነው የጨረሰው፣ ሰው ግን እስካሁን ስለ አጨዋወቱ ያወራል።

ጨዋታ ስናይ በምን እንለየው?

ከጨዋታው በፊት ቴሌቪዥኑ የሚያሳየውን ቁጥር ብዙ አትመኑት። በረኛው የመልስ ምት ሲመታ እዩ። ተጋጣሚው ሦስት ሰው አስጠግቶበትም በአጭሩ ከሰጠ ቅኝቱ እዚያ አለ። ኳስ ሲነጠቁ የመጀመሪያዎቹን አምስት ሰከንዶች እዩ፤ ወደ ኳሱ ነው የሚሮጡት ወይስ ወደ ግባቸው? ከሁሉ በላይ ደግሞ ቡድኑ በአንድ ጎል እየመራ ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ ወደ ተጠባባቂ ወንበሩ እዩ። ማን ማሊያውን አስተካክሎ እየተነሳ ነው? ቢልባኦ ላይ ዳንሶ መስመር ዳር ሲቆም፣ ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ቶተንሃምን ሲከታተል የኖረ ሰው ይህችን ዋንጫ አሰልጣኙ ምን ያህል እንደፈለጋት የገባው ያኔ ነው።